ትራክተሩ የሚያነበው ካርታ

በካሊፎርኒያ ሴንትራል ቫሊ፣ ከዓለም አልመንድ ከአምስት አራት እጁ ያህል በሚመረትበት ሸለቆ፣ አዲስ እርሻ ለመትከል ገመድ መወጠር እየቀረ ነው። ቢሮ ውስጥ የተነደፈው የተከላ ካርታ በፍላሽ ወይም በኢንተርኔት ወደ ትራክተሩ ስክሪን ይገባል፤ ትራክተሩም መሪውን ራሱ እያዞረ ረድፉን ይከተላል። ተራ ጂፒኤስ በሜትሮች ይስታል። አርቲኬ የሚባለው ግን ቦታው ከታወቀ ቋሚ ጣቢያ እርማት እየተቀበለ ስህተቱን ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ያወርዳል። ስለ ማሽኑ ይህ ይበቃል፤ ማሽኑን የሚያደንቅለት ሞልቷል። ተመልካች ያጣው ካርታው ነው።

ካርታው ብዙ ጊዜ የሚላክበት ሼፕፋይል በስሙ አንድ ይምሰል እንጂ የፋይሎች ስብስብ ነው። ኤስኤችፒ ቅርጹን፣ ኤስኤችኤክስ ማውጫውን፣ ዲቢኤፍ ሠንጠረዡን ይይዛሉ። አራተኛው ፒአርጄ አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ነገር ግን «እነዚህ ቁጥሮች ከየት ተነሥተው ተለኩ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ሰዎች ሲገለብጡ ጥለውት የሚሄዱትም እሱኑ ነው!

«ኬንትሮስ የትም ኬንትሮስ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይደለም። የአሜሪካ ቀያሾች የሚሠሩበት ናድ 83 ከሰሜን አሜሪካ የመሬት ቅርፊት ጋር አብሮ የሚጓዝ መለኪያ ነው፤ የጂፒኤሱ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ግን ለመላው ዓለም የተሠራ ነው። ያው ቁጥር በሁለቱ ሲነበብ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ከ1 ሜትር በላይ የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን ያሳያል። የኢትዮጵያ የቀድሞ ካርታዎች በተሠሩበት በአዲንዳን ከሆነማ ልዩነቱ ከ200 ሜትር ያልፋል። አዲንዳን የ1880ውን የክላርክ የምድር ቅርጽ ስሌት ስለሚከተል መነሻውም ስሌቱም ሌላ ነው። በዚህ ስህተት የተተከለ ችግኝ ጎረቤት ማሳ ላይ ሊበቅል ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በአርቲኬ ሥራ መለኪያውን የሚወስነው ቋሚ ጣቢያው መሆኑ ነው። ጣቢያ ሲቀየር መለኪያውም ሳይታወቅ ሊቀየር ይችላል። አንድ እርሻ ላይ የውኃ ቧንቧው በአንዱ መለኪያ ተቀብሮ፣ የችግኙ ጉድጓድ በሌላው ሲቆፈር አይቻለሁ። ቧንቧው ተበሳ፤ ኦፕሬተሩም «ዛሬ ሳተላይቱ ተበላሽቷል» አለኝ። ሳተላይቱ ምን አደረገ? የተሳሳተ ካርታ የተሰጠው ትራክተር የተሳሳተው ቦታ ላይ በ2.5 ሴንቲሜትር ጥንቃቄ ይተክላል።

የቀረውን በአጭሩ፦ ከትራክተሩ አንቴና እስከ መትከያው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ አስገቡ፤ በዓይን አትገምቱ። በ3 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ አንቴና በ10 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ወደ ግማሽ ሜትር ስለሚያዘነብል፣ የዘንበልታ ማረሚያው መስተካከሉንም አረጋግጡ።

የአልመንድ ዛፍ ከ20 እስከ 25 ዓመት ቦታው ላይ ይቆያል፤ የተጣመመ ረድፍም እንዲሁ። ስለዚህ አራቱንም ፋይሎች አብራችሁ ገልብጡ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሳይቆፈር ትራክተሩን ቀያሹ ወደተከለው የማዕዘን ችካል ንዱና ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከቀያሹ ወረቀት ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ አትትከሉ።