አምስት ምስክር ያልበቃው ቁጥር

4,294,967,297። 32 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንጨምር የሚገኝ ቁጥር ነው። የቆየው የኢንተርኔት አይፒ አድራሻ ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው የአድራሻ ብዛት ከዚህ በ1 ብቻ ያንሳል። እኔ የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ምሳሌ መደርደርና ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እንደዚህ ቁጥር አጥርቶ የሚያሳይ አላውቅም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 አንድ ነገር አስተዋለ። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሁለቶችን በየተራ አባዝተን 1 ብንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 እናገኛለን። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፌርማ ድርድሩ እስከ መጨረሻው እንዲህ እንደሚቀጥል አመነ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን በደብዳቤዎቹ ጽፏል። ስድስተኛው ተራ የዛሬው ቁጥራችን ነው። በ1732 ሊዮናርድ ኦይለር ይህ ቁጥር 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ፤ እምነቱም ፈረሰ።

ኦይለር በጭፍን መሞከር አላስፈለገውም። የዚህ ቁጥር አካፋይ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይቀረዋል። ይህን ለያዘ ሰው 193፣ 257፣ 449 እና 577 ካልሠሩ ቀጣዩ 641 ነው። ከዚያም በላይ የሚያምረው፣ ትልቁን ቁጥር ጨርሶ ሳናካፍል እውነቱን ማየት መቻላችን ነው። 640 ማለት 5 × 128 ነው፤ 128 ደግሞ የ7 ሁለቶች ብዜት ነው። አራት 640ዎችን እናባዛ። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ ውጤቱ ለ641 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ጉድለት አራት ጊዜ ሲባዛ ትርፍ ይሆናልና። ያው ውጤት በሌላ በኩል ሲታይ 625 በ28 ሁለቶች ሲባዛ የሚገኘው ነው። 625 ከ641 የሚያንሰው በ16፣ ማለትም በ4 ሁለቶች ብዜት ነው። 28 እና 4 ደግሞ 32 ናቸው። ስለዚህ 32 ሁለቶች ተባዝተው በ641 እኩል ለመካፈል የሚጎድላቸው 1 ብቻ ነው፤ ያንን 1 ደግሞ ቁጥራችን ይዞት መጥቷል።

«አስተዋይ ሰው ድሮም ከአምስት ምሳሌ አይደመድምም፤ ሚሊዮን ቢሆን ግን ይበቃ ነበር» የሚል ይኖራል። አይበቃም። ጆርጅ ፖያ በ1919 ባቀረበው ግምት፣ ከ1 እስከ የትኛውም ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ብንቆጥር፣ ተደጋጋሚውን ጨምሮ የብቸኛ አካፋዮቻቸው ብዛት ጎዶሎ የሆነ ቁጥሮች ከግማሽ አያንሱም ነበር። ግምቱ ከ900 ሚሊዮን በላይ ድረስ ይጸናል፤ መጀመሪያ የሚፈርሰው 906,150,257 ላይ ነው። ኮምፒውተር ሁሉን ይፈትሻል ማለትም ሩቅ አያደርስም፤ የፌርማ ድርድር በየተራው የሁለቶቹን ብዛት እጥፍ ስለሚያደርግ 8,589,934,592 ሁለቶች የሚባዙበት ተራ ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ ብቸኛ መሆን አለመሆኑም እስካሁን አልተለየም። ከ65,537 ቀጥሎ ከዚህ ተራ በፊት ያሉት ሁሉ አካፋይ ያላቸው መሆናቸው ተረጋግጧል። ይህን አይቶ «እንግዲህ ሌላ ብቸኛ ቁጥር የለም» ማለት ያጓጓል፤ የፌርማ ስህተት ተገልብጦ መጣ ማለት ነው። ማንም አላረጋገጠውም።