የአገዳ ቆርቁር፣ ዘረመልና የገበሬው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሦስት የግብርና ምርምር ማዕከላት መንገድ ነው። በሆለታ ብሔራዊው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ይገኛል። አምቦ በሰብል ጥበቃ ምርምር፣ ባኮ በበቆሎ ምርምር ይታወቃሉ። የኢሉ ገላን ወረዳ ዋና ከተማ እጃጂ ከጌዶ አልፎ፣ ባኮ ሳይደረስ ያለች ናት። በቆሎ በሚበቅልበት በዚህ አካባቢ ተባይን በዘረመል ስለመከላከል መናገር የሩቅ አገር ወሬ ማውራት አይደለም።

መጀመሪያ ጠላቱን እንወቅ። የአገዳ ቆርቁር እናት የእሳት እራት እንቁላሏን በቅጠሉና በአገዳው መጋጠሚያ ትጥላለች። ትሉ ሲፈለፈል ለጋውን ቅጠል በልቶ አገዳውን እየሰረሰረ ይገባል። አንዴ ከገባ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት አያገኘውም። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር የመነጨው መጤ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ የበቆሎ ማሳዎችን አጥቅቷል።

ተመራማሪዎች መከላከያውን በተክሉ ውስጥ ለማኖር ያሰቡት በዚህ ምክንያት ነው። ባሲለስ ቱሪንጅየንሲስ፣ ባጭሩ ቢቲ የሚባል ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል። የሚሠራው ፕሮቲን በትሉ አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይበሳዋል፤ ትሉም መብላት አቁሞ ይሞታል። ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ተቀባይ በሰው አንጀት ውስጥ የለም። ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ዘረመል ከባክቴሪያው ወስደው ወደ በቆሎ ወይም ወደ ጥጥ ሲያስገቡት ተክሉ ራሱ መከላከያውን ያመርታል። እንዲህ ያለውን ተክል ሕጋችን ልውጠ ሕያው ይለዋል።

ሌላም መንገድ አለ። የከብቶችን የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመቀነስ ቃሊቲ ላይ ወንድ ዝንቦችን በጨረር የሚያመክን ማዕከል ተቋቁሟል። የመከነው ወንድ ከዱር ሴት ጋር ቢገናኝም ዘር አይኖርም። እዚህ ላይ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረመል የለም፤ ዝንቡም ጨረር ተሸክሞ አይዞርም። ሁለቱን ዘዴዎች በአንድ ስም ጠቅልሎ መደገፍም ሆነ መቃወም ትክክል አይደለም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ የራሷ ታሪክ አላት። የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በካርታሄና የደህንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር ላይ የአፍሪካን ቡድን መርተዋል። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጸድቅ የጥንቃቄ መርህ በውስጡ እንዲሰፍር ከታገሉት ቀዳሚዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የአገራችን የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ም የወጣው በዚሁ ጥብቅ መንፈስ ነው። በ2007 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሎ ለምርምር በር ተከፈተ፤ በ2010 ዓ.ም. የቢቲ ጥጥ ለእርሻ፣ ድርቅንና ተባይን የሚቋቋም በቆሎ ደግሞ ለተከለለ የመስክ ሙከራ ተፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ደጋፊዎች የምርት ብክነትንና የፀረ ተባይ ወጪን ያነሣሉ፤ ተቃዋሚዎች የአገር በቀል ዝርያዎችን መበከልና በውጭ ኩባንያ ላይ ጥገኛ መሆንን ይፈራሉ።

ብዙ ጊዜ ሕዝቡ የሚጠራጠረው ሳይንሱን ስላልተረዳ ነው ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል ትክክል አይመስለኝም። ከባኮ የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በ1985 ዓ.ም. ተለቆ ለገበሬው ተሰራጭቷል። ዲቃላ ዘር ከራስ ምርት ተመርጦ ቢዘራ ጉልበቱ ስለሚቀንስ በየዓመቱ መግዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው ምርጥ ዘር ሲዘገይ፣ ዋጋው ሲወደድ፣ ጥራቱ ሲጓደል ምን እንደሚሆን በሚገባ ያውቃል። ዘሩ የማን ነው? ዋጋው ስንት ነው? ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? እነዚህን ጥያቄዎች የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን አይመልሳቸውም።

የዘላቂነት ጥያቄም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ደቡብ አፍሪካ የቢቲ በቆሎን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዘርታለች። ከአሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የአገዳ ቆርቁር ፕሮቲኑን ተቋቁሞ መራባት ጀመረ፤ ቢዞዮላ ፉስካ የተባለው ይኸው ተባይ በእኛም አገር በቆሎ ያጠቃል። ይህን ለማዘግየት ከቢቲው ማሳ አጠገብ ቢቲ ያልሆነ በቆሎ መዝራት ያስፈልጋል፤ ተባዩ ለፕሮቲኑ ተጋላጭ ሆኖ እንዲቆይ ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ ይህን ደንብ ያልጠበቁ ገበሬዎች ብዙ ነበሩ። መሬቱ ጠባብ የሆነ የኢሉ ገላን ገበሬ ከማሳው ቆርሶ ለትል እንዲተው የሚጠየቅ ከሆነ፣ ምክንያቱ አስቀድሞ በደንብ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ በባኮና በአምቦ ያላችሁ ተመራማሪዎችና የግብርና ባለሙያዎች፣ ዘሩ መጋዘን ከመድረሱ በፊት የመስክ ቀን አዘጋጁ። ጥቅሙንም ስጋቱንም፣ የደቡብ አፍሪካውን ጉዳይ ጨምራችሁ፣ ገበሬው በሚናገረው በአፋን ኦሮሞ አስረዱ፤ የሚላችሁንም መዝግባችሁ ለሚወስኑት አድርሱ።