109 ላይ የቆመው ብራውዘር

በ2017 ጥቅምት፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ከለጠፈ ፎቶ ኮፒ ቤት የእህቴን ልጅ ይዤ ገባሁ። ፎቶዋ ያለው ኢሜይሏ ላይ ነው። የሱቁ ልጅ የኢሜይል አድራሻ የሚጻፍበትን ሳጥን ገና ሲነካው ከእሷ በፊት የመጡ ደንበኞች አድራሻ ተደርድሮ ቁልቁል ወረደ። የይለፍ ቃሏን አስገብታ ስትጨርስ ደግሞ ብራውዘሩ «ላስቀምጠው?» አለ። ልጁ «አዎ» ሊለው ሲል እጁን ያዝኩት። ሦስቱን ነጥቦች ነክተን «ስለ ክሮም» የሚለውን ከፈትን፤ 109 ይላል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ነው።

«አብሽር ጋሼ፣ ይሠራል» አለኝ። መሥራቱንማ ይሠራል።

ብራውዘር ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ሳፋሪ፣ ኦፔራ። ብዙ ሰው «ጉግል» ብሎ ያልፈዋል። ሥራው ግን የዋዛ አይደለም፤ የማናውቀው ሰው የጻፈውን ኮድ ተቀብሎ እኛው ቤት ውስጥ ያሠራል። ስለዚህ ደህና ብራውዘር እንግዳውን ከሳሎን አያሳልፍም። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ድረ ገጾችን ከተቀረው ኮምፒውተር በታጠረ ክፍል ውስጥ ማሠራቱ አንዱ መለያው ነበር፤ ዛሬ ሌሎቹም ያንኑ ያደርጋሉ።

አጥሩ ግን ይሸነቆራል። ሠሪዎቹ ቀዳዳውን ደፍነው በአፕዴት ሲልኩ፣ የት እንደነበረ ሌባም ያውቃል። አፕዴት ያላደረገ ሰው የትኛው መስኮቱ እንደተሰበረ በአደባባይ ተነግሮ ሳለ እንደተኛ ነው። ጉግል ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻ የሆነውን 109ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ነው፤ እኛ ስንገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። ፋየርፎክስ በአንጻሩ 115 በተባለው እትሙ ለዚያው አሮጌ ዊንዶውስ ያኔም ጥገና ይልክ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ለማይችል ሱቅ ይህ ትንሽ ምርጫ አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የምትማረው። ስልኳ ላይ ያለው ኦፔራ ሚኒ ነው፤ «ዳታ አይበላም» ትላለች። እውነቷን ነው። በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹ መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ዘንድ ይደርስና ተጨምቆ ይላክላታል። ለመጨመቅ ግን መከፈት አለበት፤ ከእሷ እስከ ድረ ገጹ ድረስ ታሽጎ የሚሄድ ነገር መሐል ላይ ይፈታል ማለት ነው። ለዜናና ለኳስ ውጤት ምንም አይደል። ለባንክና ለይለፍ ቃል ግን አልመክርም።

ምርጡ ብራውዘርም ቢሆን ባለቤቱ ራሱ የሚከፍተውን በር አይዘጋም። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ፣ ውጭ አገር ያሉ የመንግሥት ተቃዋሚ ኢትዮጵያውያን የቪዲዮ ድረ ገጽ የሚመስል ሊንክ እየተላከላቸው «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽን አድሱ» ይባሉ እንደነበር አጋልጧል። የሚወርደው የስለላ ሶፍትዌር ነው። ፍላሽ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አብቅቶለታል፤ ዛሬ «ፍላሽ አድስ» የሚል ገጽ ካያችሁ ውሸቱን ነው።

በሰው ኮምፒውተር ኢሜይል ስትከፍቱ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ክሮም ሲዘጋ ታሪኩን የማያስቀር መስኮት ይከፍትላችኋል። ፋየርፎክስ ላይ በኤን ፈንታ ፒ ነው። የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ ሦስቱን ነጥቦች ንኩና የብራውዘራችሁን ቁጥር ዛሬውኑ እዩት።