ከጉርድ ፎቶ እስከ ሰርግ አልበም

እንደ ፍኖተ ሰላም ባለ የጎጃም ከተማ የፎቶ ቤት የዘወትር እንጀራ ጉርድ ፎቶ ነው። መታወቂያ የሚያወጣው፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመዘገበው፣ ሁሉም ያችው መጋረጃ ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ሲማሩ የተዋደዱ ልጆች ሲጋቡ፣ ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ከነዩኒፎርማቸው ያውቃቸዋል። የትኛዋ አክስት ከየትኛው አጎት አጠገብ መቆም እንደማትወድም አይጠፋውም። ይህን እውቀት ከሩቅ የመጣ ባለሙያ፣ የቱንም ያህል ውድ ካሜራ ቢይዝ፣ በአንድ ቀን አያገኘውም።

ሥራው ወቅት አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ይደገሳል፤ ከዚያ ደግሞ ትንሣኤ ሲውል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ድንኳን ይተከላል።

ችግሩ ፀሐይዋ ናት። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ አለፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 10 አካባቢ ከቀኑ 6፡30 ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ሰው ጥላውን ከእግሩ ሥር ይረግጣል፤ ግንባር ያበራል፣ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ካሜራውም ይሳሳታል። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያመጣው ነጩን ቬሎ ያጠቁረዋል፤ ቬሎው እንዲነጣ ብርሃን ሲጨመር ደግሞ ጥልፉ ይጠፋል። የሚያውቅ ሰው ሙሽሮቹን በረንዳ ጠርዝ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ያስጠጋና አንዲት ዘመድ ነጠላዋን ዘርግታ ከፊታቸው እንድትቆም ይለምናል። ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን ፊታቸውን ከታች ያፈካዋል።

ተክሊል ከሆነ ጫማ ይወልቃል። ፎቶ አንሺው ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ከካህናቱ መንገድ ፈቀቅ ብሎ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ በጧፍ ብርሃንና በዕጣን ጢስ መሃል ካባና አክሊል ያደረጉትን ሁለቱን ይጠብቃል። መቅደስ ለእሱ አይደለም።

ከቀኑ ሁሉ ከባዱ ግን ጉልበት መሳም ነው። ሙሽራዋ ከቤቷ ልትወጣ ስትል ዘመድ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ሁለቱ እየዞሩ ጎንበስ ይላሉ፣ ምርቃት ይዘንባል። ጀማሪው ሙሽሮቹን ከኋላ ይከተልና የቬሎና የሱፍ ጀርባ ሰብስቦ ይመለሳል። የበሰለው ቀድሞ ከአያትየዋ ወንበር አጠገብ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሲታይ የሙሽራዋ ፊት ወደ ታች ሲመጣ፣ የአሮጊቷ እጅ አናቷ ላይ ሲያርፍ፣ ከበር አጠገብ ደግሞ አባት ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር በአንድ ፍሬም ይገባል። ነገሩ የሚያልቀው በሁለት ሰከንድ ነው። ድሮ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ይይዝ ነበርና ከእነዚያ አንዷን ለዚህ ማስቀረት ግድ ነበር። ዛሬ ካሜራው ሺዎችን ቢይዝም ቦታውን ቀድሞ ያልያዘ አያገኛትም።

ከምሳ በኋላ፣ 11 ሰዓት ሲያልፍ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ብዙ አጃቢ ወንዝ ዳር ወይም ሆቴል ግቢ እንሂድ ይላል። ለእነዚህ ጥንዶች ግን ከተማሩበት ትምህርት ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ዘበኛው በሩን ይከፍታል፤ ሚዜዎቹ ባንዲራው ሥር እንደ ጠዋት ሰልፍ ይደረደራሉ፤ ሁለቱ ባህር ዛፉ ሥር የሚያውቁት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ፈገግ በሉ የሚላቸው አያስፈልጋቸውም። መቸኮል ግን ግድ ነው፤ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ ፀሐይዋ ትጠልቃለች፣ ወዲያው ይጨልማል።

አልበሙ ለመልስ አይደርስም፤ ፎቶው ተመርጦና ታጥቦ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል። አንዳንድ ፎቶ ቤት በዚህ መሃል የድሮ ፋይሉን ያገላብጥና ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተነሱትን ሁለቱን ጉርድ ፎቶ ፈልጎ በመጀመሪያው ገጽ ጎን ለጎን ያስገባቸዋል፤ እሷ ሹሩባ ተሠርታ፣ እሱ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ።