«ለጥቂት ነበር»፦ የውርርድ ቲኬት ተረትና እውነታ

ቅዳሜ ማታ፣ ጎንደር ፒያሳ። የእንግሊዝ ጨዋታዎች አልቀው የውርርድ ቤቱ ወለል በተቀደደ ቲኬት ተሞልቷል። ደጅ ላይ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው፤ «በላሁ» እና «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ»። ለሁለቱም ዳኛው ውጤቱ ነው። ስህተቱም ከዚሁ ይጀምራል።

ተረት፦ በልቻለሁና ውሳኔዬ ልክ ነበር።

እውነታ፦ እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 1.90 ኦድ ሰጠ እንበል። 100 ብር ያስያዘ ሰው ከያዘለት 190 ይቀበላል፣ ካልያዘለት ባዶ እጁን ይወጣል። ይህንኑ ደጋግሞ ቢቆርጥ ከየ100 ብሩ በአማካይ የሚመለስለት 95 ነው። ዛሬ መብላቱ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

ተረት፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ልደርስ ነበር።

እውነታ፦ ከሁሉ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው ይህ ነው። ከላይ ያየነውን ዓይነት 10 ጨዋታ በአንድ ቲኬት ሲቆረጥ ኦዱ እየተባዛ 613 ገደማ ይሆናል፤ 100 ብር ወደ 61,300 ብር ማለት ነው። አፍ ያስከፍታል። አሥሩም የመያዛቸው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ስለሆነ ክፍያው ከዕድሉ ጋር ቢመጣጠን 102,400 ብር በሆነ ነበር። በነጠላው ጨዋታ ከ100 ብር 5 ብር የነበረው የቤቱ ድርሻ እዚህ 40 ብር ደርሷል። «በአንድ ጨዋታ» የሚባለውስ? ዘጠኙ ይዘው አንዱ ብቻ የሚበላሽባቸው መንገዶች አሥር ናቸው። ስለዚህ በአማካይ አንድ ሰው ሲያሸንፍ አሥር ሰው በአንድ ጨዋታ ይሸነፋል። ለጥቂት መሳት የዚህ ቲኬት ጠባይ ነው፤ ከመቃረብ ጋር ምንም አያገናኘውም።

«ሦስት ሳምንት ተበልቻለሁ፣ አሁን ተራዬ ነው» የሚለውን በዝርዝር አላነሳውም። ኳሷ ያለፈውን ቲኬት አታውቅም።

ተረት፦ የተሸነፈ ሁሉ ተሳስቷል።

እውነታ፦ ፖከር ላይ ሁለት አስ ይዞ ያለውን ሁሉ ያስያዘ ሰው፣ የመጣለትን ካርታ ከያዘ አንድ ተጋጣሚ ጋር ሲገናኝ ከመቶ 85 ያህሉን ያሸንፋል። በቀሩት 15 ይሸነፋል፤ ያኔም ውሳኔው ልክ ነበር። ኳስ ላይም የጎንደሩ ቡድን ፋሲል ከነማ የ2011 ዓ.ም. ሊግን በመጨረሻው ዕለት አጣ፣ የ2013ቱን ወሰደ። የ2011ን ቡድን በዚያች አንድ ቀን የሚመዝን ሰው የዓመቱን ሥራ ሳያይ ፈርዷል።

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ፣ ወደ ገበሬው ሲወጣ ሒሳቡ ይከብዳል። ተወራራጅ በዓመት መቶ ቲኬት ይቆርጣል፤ ገበሬ ግን ክረምት ሲገባ አንዴ ይዘራል፣ ዕድሜውን ሙሉ ቢቆጠር አርባ ጊዜ ቢሆን ነው። አማካዩ እስኪደርስለት አይጠብቅም፤ አንድ ክፉ ዓመት ዘሩን ካስበላው ቀጣዩ ዙር የለም። መሬቱን ለገብስ፣ ለባቄላና ለድንች የከፋፈለ ሰው፣ ገብስ በሰመረበት ዓመት ሁሉንም ገብስ ከዘራው ጎረቤቱ ያነሰ ያስገባል፤ ይታማበታልም። በረዶ በወረደበት ዓመት ግን ድንቹ አፈር ውስጥ ነው።