አየር የሚቀዳ መሣሪያ እንዴት ይፈተሻል?

የአንድን ሥራ አካሄድ የሚገልጽ ድርሰት ሁለት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ድርጊቶቹን በቅደም ተከተል ያቀርባል፤ ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ድርጊት ለምን እንደሚፈጸም ያስረዳል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡና እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት እንደ ተሟሉ አስተውሉ።

ምንባብ

ንጹሕ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ በውስጡ ያሉት ጋዞች መጠን ሲለወጥ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። በሃዋይ ደሴት፣ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ ልኬቱ በተጀመረበት ጊዜ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1958፣ ከአንድ ሚሊዮን የደረቅ አየር ሞለኪውሎች መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 315 ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ቁጥሩ ከ420 በልጦ ተገኘ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጭማሪው በዓመት በአማካይ ከ2 እስከ 3 ነው። እንግዲህ መሣሪያው በ3 ብቻ ቢሳሳት የአንድ ዓመት ለውጥ በሙሉ ይሰወራል፤ ወይም ያልነበረ ለውጥ እንደ ነበረ ሆኖ ይመዘገባል።

በራሱ አየር የሚቀዳ መሣሪያ ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል አፍ አለው። ፓምፑ ከዚህ አፍ አየሩን በቱቦ ይስባል፤ አየሩም በማጣሪያና በማድረቂያ አልፎ ወደ መለኪያው ይደርሳል፣ ወይም በጠርሙስ ይጠራቀማል። መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው በውስጡ ያለው ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ በራሱ ይሠራል ማለት ጠባቂ አያሻውም ማለት አይደለም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ተተከለ እንበል። ጠባቂው ምን ማድረግ ይገባዋል?

በመጀመሪያ የቱቦውን አፍ ይመለከታል። የሸረሪት ድርና የነፍሳት ጎጆ ካለ ያነሣል። በዙሪያው ያለውንም ያስተውላል። በእንጅባራና በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ስለሚያከስል፣ ነፋሱ የከሰሉን ጢስ ወደ አፉ ያመጣበት ቀንና ሰዓት መታወቅ አለበት። አለዚያ የአንድ ጉድጓድ ጢስ የአገሩ ሁሉ አየር ተደርጎ ይቈጠራል።

ቀጥሎ ማጣሪያውን ይፈትሻል። በበጋ አቧራ ሲሞላው የሚያልፈው አየር ስለሚያንስ በአዲስ ይለውጠዋል።

ሦስተኛ፣ ማድረቂያውን ያያል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷም ዝናብ የበዛበት ከተማ ናት። የውሃ ተን የሌሎቹን ጋዞች ቦታ ስለሚሻማ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ጠብታውም ፓምፑን ያበላሻል። ስለሆነም እርጥበት የሚመጠው ጨው ከመጥገቡ በፊት መለወጥ አለበት።

አራተኛ፣ የቱቦውን መገጣጠሚያዎች ይመረምራል። ከሰው አፍ የሚወጣው ትንፋሽ ከውጭው አየር መቶ እጥፍ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት። ስለዚህ ከፓምፑ በፊት ባሉት መገጣጠሚያዎች ላይ በየተራ ሲተነፍስ፣ መለኪያው ድንገት ከፍ ካለ ቀዳዳው እዚያው ነው። በዚህ ጊዜ የታየው ቁጥር የፍተሻ እንጂ የአየሩ ልክ ስላልሆነ ተለይቶ ይመዘገባል።

በመጨረሻ መጠኑ አስቀድሞ በትክክል የታወቀ ጋዝ ከሲሊንደር ወደ መለኪያው ይለቅቃል። መለኪያው የታወቀውን ቁጥር ካላሳየ ስንት እንደ ሳተ ይታወቃል። ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት እንደሚፈትን ሁሉ፣ ይህም የመሣሪያው መፈተኛ ነው።

የተደረገው ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በመዝገብ ይሰፍራል። እንዲህ ያለ ትጋት ለአዊ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንግሽታ ቀበሌ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ እየለኩ መመዝገብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም መዝገባቸውን ከሌሎች ልኬቶች ጋር አነጻጽሮ አስተማማኝ ሆኖ አግኝቶታል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ማውና ሎዋ እሳተ ገሞራ ተፍቶ የጣቢያውን መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር በቈረጠ ጊዜ ባለሙያዎቹ ልኬቱን በአቅራቢያው በሚገኘው በማውና ኬያ ተራራ ላይ ቀጠሉ። ይህን ያህል የተጣደፉት ያልተቀዳ አየር ተመልሶ ስለማይገኝ ነው። የተሰበረ ፓምፕ ይጠገናል፤ ያለፈው ቀን አየር ግን እንደ ገና አይለካም።

መልመጃ

1. የጠባቂውን አምስት ተግባሮች በቅደም ተከተል ጻፉ።
2. «ስለዚህ»፣ «ስለሆነም» እና «አለዚያ» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ምንን ከምን ጋር እንዳያያዙ ግለጹ።
3. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ያለ አንድ መሣሪያ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ምክንያቱን ጭምር በማስረዳት፣ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።