3,000 የፈረስ ጉልበት ለጥቂት ሰከንድ፦ የናፍጣ ሞተር ከልኩ በላይ ሲገፋ ምን ይፈጠራል?

ቪዲዮዎቹን ሳታዩ አትቀሩም። አንድ ፒክአፕ በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል፣ ጎማው ሮለር ላይ ይሽከረከራል፣ ጥቁር ጭስ ወደ ላይ ይተፋል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር 2,000ን አልፎ ይወጣል። ከዚያ ድንገት ብልጭታ፣ ፍንዳታ፣ እሳት። ኮሜንቱ ውስጥ ደግሞ "ምን ሆኖ ነው?" የሚል ጥያቄ ይደረደራል። ዛሬ እሱን እናያለን።

ከ160 ወደ 3,000

አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ ፒክአፕ ማሻሻል ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ለምሳሌ አልቲሜት ኮልአውት ቻሌንጅ በሚባለው ውድድር አንድ መኪና ሦስት ነገር ይፈተናል፦ በአጭር ርቀት ይሮጣል፣ ከባድ ተንሸራታች ጭነት ይጎትታል፣ ዳይኖ በሚባለው የሮለር ማሽን ላይ ደግሞ ጉልበቱ ይለካል።

እዚያ በብዛት ከሚታዩት ሞተሮች አንዱ የከሚንስ ባለ 6 ሲሊንደር ነው። ይህ 5.9 ሊትር ሞተር በፈረንጆቹ 1989 ዶጅ ራም ላይ ሲገጠም የነበረው ጉልበት 160 ፈረስ ብቻ ነው። ከዚሁ የሞተር ቤተሰብ ተነስተው ዳይኖ ላይ 3,000ን የተሻገሩ አሉ። ከ18 እጥፍ በላይ ማለት ነው!

3,000 የፈረስ ጉልበት ስንት ነው? ወደ 2,200 ኪሎ ዋት ገደማ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል ብንል፣ ከ600 በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚጥድ ኃይል ከአንድ ኮፈን ስር እየወጣ ነው። ይሄ ወደ ጎማ የሚደርሰው ብቻ ነው። ከናፍጣው ከሚገኘው ጉልበት ከግማሽ በላዩ ሙቀት ሆኖ በማርሚታ፣ በውሃና በዘይት በኩል መውጣት አለበት።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ብዙ አየር፣ ብዙ ናፍጣ። አየሩን የሚገፋው ቱርቦ ነው። ለመንገድ የተሠራ ፒክአፕ ቱርቦው አየሩን ከ1.5 እስከ 2 ባር በሚሆን ተጨማሪ ግፊት ያስገባል። የውድድር መኪኖች ቱርቦ በቱርቦ ላይ ደራርበው ከ7 ባር በላይ ይገፋሉ። ከዚያ ትልልቅ ኢንጀክተር፣ ጠንካራ ፓምፕ፣ አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጨመራል። አንዳንዶቹ ናይትረስ ጋዝም ይጨምሩበታል።

ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚያርፈው በፒስተኑ ራስ ላይ መሆኑ ነው። እስቲ እንቁጠረው። የ5.9ኙ ፒስተን ስፋት 102 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 150 ባር ሲደርስ ፒስተኑን የሚጫነው ኃይል 12.5 ቶን ገደማ ይሆናል። አንድ መዳፍ በምታህል ብረት ላይ 12 ቪትዝ ተደራርቦ እንደማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ደግሞ ይሄ ምት በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል። ግፊቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ጭነቱ 25 ቶን ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት ብዙ ጊዜ ቴስታታው ላይ ይታያል። ግፊቱ ቴስታታውን ከብሎኩ ላይ ያነሳዋል፣ ጋስኬቱ ይበሳል፣ ውሃና ጋዝ ይቀላቀላሉ። ይሄኛው ደግ ብልሽት ነው፤ ኪስ ይጎዳል እንጂ ሰው አይጎዳም።

ዙሩ ሲጨምር ጣጣው በካሬ ያድጋል

ፒስተኑ ወደ ላይ ሮጦ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። እሱን እየጎተተ የሚመልሰው ቢየላ ነው። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን የመጎተቱ ኃይል እጥፍ አይደለም፣ 4 እጥፍ ይሆናል። 3,200 ዙር አካባቢ እንዲሠራ የታሰበን ሞተር 5,000 ዙር ስታስገቡት ቢየላውና ቡሎኖቹ የሚሸከሙት ጉተታ ወደ 2.4 እጥፍ ይጠጋል።

ቢየላ ከተበጠሰ አያርፍም። ክራንክሻፍቱ አሁንም እየዞረ ስለሆነ የተሰበረውን ብረት እንደ መዶሻ እያነሳ የብሎኩን ግድግዳ ይደበድብበታል። ብሎኩ ይበሳል፣ ትኩስ ዘይት በጋለ ማርሚታ ላይ ይረጫል። ቪዲዮ ላይ የምታዩት የእሳት ኳስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ከዚህም አልፎ ብሎኩ ራሱ ለሁለት የተሰነጠቀባቸው መኪኖች አሉ።

"ሁሉንም አጠናክረነዋል" ሲሉስ?

እዚህ ጋር ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቢየላው በጠንካራ ብረት ይቀየራል፣ ቡሎኖቹ ይወፍራሉ፣ ቴስታታው ይቆያል። ጥሩ። ግን ጉልበቱ የትም አልሄደም። ቀጥሎ ያለውን ደካማ ክፍል ይፈልጋል። ቴስታታው ከጠነከረ ብሎኩ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች የፋብሪካውን ብሎክ ትተው ከአንድ ወፍራም አሉሚኒየም የተፈለፈለ ብሎክ የሚገዙት። ሞተሩ ሲጠነክር ደግሞ ተራው የፍሪሲዮን፣ የካምቢዮ፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ይሆናል።

በአጭሩ፣ ማጠናከር አደጋውን አያጠፋውም፣ ቦታ ያስቀይረዋል። እና ወደፊት በተገፋ ቁጥር የሚሰበረው ነገር በበለጠ ጉልበት ነው የሚሰበረው።

የማይጠፋው ሞተር

የቤንዚን ሞተር ቁልፉን ስታጠፉ ብልጭታው ስለሚቋረጥ ይቆማል። ናፍጣ ግን ብልጭታ አይፈልግም፣ የታመቀ አየር ሙቀት ብቻውን ያቀጣጥለዋል። የቱርቦው ማሸጊያ ከተበላ የሞተር ዘይት በአየር መግቢያው በኩል ይገባና ራሱ ነዳጅ ይሆናል። ያኔ ቁልፉን አጥፍታችሁም ሞተሩ እየጮኸ፣ ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል። ዘይቱ እስኪያልቅ ወይም ሞተሩ እስኪበታተን ድረስ።

መፍትሔው አንድ ነው፦ አየሩን መዝጋት። ለዚህ ነው በጭነት ጉተታ ውድድር የአየር መዝጊያ በር ግዴታ የሚሆነው። መኪናው ከጭነቱ ከተላቀቀ ገመዱ ራሱ ይስበውና በሩን ይዘጋዋል። በእጅ ለመክደን መሞከር ግን በፍጹም አይታሰብም፣ መምጠጡ ከባድ ነው።

ስልክ ይዞ የቆመው ሰው

የተራ ፒክአፕ ቱርቦ እንኳ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። በዚህ ፍጥነት የሚዞር ነገር ሲበታተን ስብርባሪው በሚዞርበት መስመር ወደ ጎን ይወረወራል። ፍሪሲዮኑ የሚቀመጥበት ከባድ ጎማ መሰል ብረትም እንደዚሁ። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ይሄ መስመር የት ያርፋል? ከመኪናው የፊት ክፍል ጎንና ጎን። ቪዲዮ ለመቅረጽ ሰው ተሰብስቦ የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው።

መኪናው ስለታሰረና ስለማይንቀሳቀስ ዳይኖ አጠገብ መቆም ከሩጫ ሜዳ ዳር ከመቆም የበለጠ ደህና ይመስላል። እውነታው ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ያለው እዚያው ከእናንተ በጥቂት ሜትር ርቀት ነው። በደንብ የሚመሩ ውድድሮች የብረት መከለያ፣ የፍሪሲዮን ብርድ ልብስ፣ እሳት የሚቋቋም ልብስ የሚያስገድዱት፣ ተመልካችን የሚያርቁት ለዚህ ነው። የሰፈር ጋራዥ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኛችሁ ከሞተሩ ጎን አትቁሙ፣ ራቁ፣ ካሜራውን አስቀምጣችሁ ቅረጹ።

መንገድ ላይ ሲወጣ

ለውድድር ከተሠሩት ጥቂቶች ጀርባ ደግሞ መንገድ ላይ የሚነዱ ብዙዎች አሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2020 ባወጣው ሪፖርት በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው እንደተነቀለ ገምቷል። በእነዚህ መኪኖች ዕድሜ ከ570,000 ቶን በላይ ትርፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ አየር ላይ ይለቀቃል ብሏል። መቆጣጠሪያውን መንቀል በአሜሪካ ፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። እዚያ ያላችሁ ተከታታዮቻችን ያገለገለ ናፍጣ መኪና ስትገዙ ማጣሪያው በቦታው መኖሩን አስፈትሹ። የተነቀለ ከሆነ ሞተሩም ከልኩ በላይ ሲገፋ ከርሞ ሊሆን ይችላል።

አገር ቤት "በፕሮግራም ጉልበት እንጨምርልህ" የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም በሩብ ገደማ ያንሳል። ያንኑ አየር ለማስገባት ቱርቦው የበለጠ መሮጥ አለበት። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተፈትኖ የጸደቀ ፕሮግራም እዚህ ቱርቦውን ከልኩ ሊያሳልፈው ይችላል።

ስለዚህ ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ ከቁጥሩ ጋር አንድ ጥያቄ አብራችሁ ጠይቁ፦ ይሄ ጉልበት ለስንት ሰከንድ ነው የቆየው? የፋብሪካው 160 ፈረስ የተሰላው ለዓመታት ጭነት እንዲጎትት ነው። 3,000ው የተሰላው ስክሪኑ ላይ እስኪታይ ድረስ ነው።